ሳይሞቅ የጠፋ ሞተር

ኑማኩራ ሾጂ የካሚናይ ከተማ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሾፌር ነው። ከተማ እንበላት እንጂ ካሚናይ ከሆካይዶ ደሴት ሰሜናዊ ተራሮች ሥር የተጣለች፣ ሁለት የትራፊክ መብራት ያላት መንደር ናት። በረዶ ሲጥል ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ይስባል፣ እሱ ግን ይነሳል። ሌላው ሳይነቃ መንገዱን ገፍቶ ገፍቶ፣ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ እሱ ወደ ቤቱ ይገባና ሾርባውን ፉት ይላል። ከዚያ ይተኛል ይባላል እንጂ እንቅልፍ ባይኑ አይዞርም። እንዲህ እያለ ዓመቱ ነጎደና ስድሳን ተሻገረ። ምስጋናው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ከከተማው ሰው እኩሌታው፣ ጠራጊው መኪና ባለፈ ቁጥር በራችን ላይ በረዶ ቆልሎብን ሄደ እያለ ለማዘጋጃ ቤቱ ስልክ ይደውላል።

ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ቅብጠት ብቻ ነበረው። ቅብጠቱም መኪናው ናት፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ነዳጅ መስጫዋን ነካ ሲያደርጉት ወንበር ላይ የምትለጥፍ መኪና። ገና ጎልማሳ ሳለ አሳሂካዋ ከተማ ድረስ ሄዶ ነው የገዛት። ልጁ ቺሳቶ ስትወለድ አማቱ፣ "ልጅቷን የት ልታስቀምጣት ነው? ጣሪያው ላይ?" ብለው ቢጠይቁት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሞተሯ እንደ ሌላ መኪና ሞተር አይደለም። በሌላው መኪና ፒስተን ላይ ታች ይላል፣ በእሷ ሆድ ውስጥ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሾራል። ፍጥነቷም ከዚያ ነው፣ አመሏም ከዚያው። በብርድ አስነስተው ወዲያው ካጠፏት ታኮርፋለች፤ የጠጣችው ቤንዚን ሳይቃጠል ሆዷ ውስጥ ይቀርና በሌላ ጊዜ አልነሳም ትላለች። አንዴ ከተነሳች እስክትሞቅ አትጠፋም። ሾጂ ይህን ሕግ ለሚነካት ሁሉ ይናገር ነበር፤ የሚነካት ሰው ስላልነበረ ግን ሲናገር የሰማው ሰው ጥቂት ነው።

ኅዳር ላይ መንገዱ ግግር ሲሆን ያጥባታል፣ ነዳጅ ይሞላታል፣ ጎማዎቿን ከወለሉ ቅዝቃዜ ለመጠበቅ አራት ጣውላ ላይ ያቆማል፣ ባትሪዋን በቀጭን ሽቦ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያያይዛል፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ያለብሳትና ቁልፉን ኩሽናው ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ የጠራጊው መኪና መግፊያ ብረት ተፈትቶ ታጥቦ በገባ ማግስት፣ የእንጨት ጋራዡን በር ከፍቶ ያስነሳታል። ለእሱ ዓመቱ የሚለወጠው ያን ቀን ነው።

ባለፈው ኅዳር ግን አልብሷት ሲመለስ፣ እራት ላይ ጎንበስ እንዳለ፣ "በጸደይ ካልተነሳች ይበቃኛል" አለ። "ያ የአሳሂካዋ ሰውዬ በየዓመቱ ሽጥልኝ እያለ ይነዘንዘኝ የለ? ይውሰዳት።"

ሚስቱ ፉሚኤ ሩዝ እየጨለፈች፣ "እንዴ" አለች።

እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ለእሷ አልነገራትም። ችግሩ ሞተሩ ሳይሆን የግራ ጉልበቱ ነበር። ከጠራጊው መኪና ላይ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ጉልበት አልቋል። ጠራጊው ፍሪሲዮን የለውም፣ የእሷ ፍሪሲዮን ግን ድንጋይ ነው። ባለፈው መከር ከሁለቱ መብራቶች በአንደኛው ላይ ቆሞ፣ እግሩ እንደ ቅጠል ሲንቀጠቀጥበት፣ ላቡ ጀርባውን ሲያርሰው፣ አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ የሚያውቃቸውን አማልክት ሁሉ ለምኗል። ጉልበቴ አቅቶታል ብሎ መኪናውን ማስረከብ አሳፈረው። ራሷ ብትሞትለት ግን የማንም ጥፋት አይሆንም። ስለዚህ ሰውዬው ክረምቱን የገፋው የሚወዳት መኪና እንድትሞትለት በሆዱ እየተመኘ ነው። በዚህ ምኞቱ ደግሞ ራሱን ሲጠላ ከረመ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ነው፣ የጣሪያው በረዶ እየቀለጠ በአሸንዳው ይንጠባጠባል። ሾጂ ብርድ ልብሱን ገፈፈና፣ ግራ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ እንደ ዕቃ ወደ ውስጥ አስገባና ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ተንገራገጨ፣ ሞተሩ ግን አልያዘም። ደገመ። ሰለሰ። ድምፁ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ቀጭ ብቻ ሆነ።

በመጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። ወዲያው ደግሞ አሳዘነችው። እጁን ከመሪው ላይ አነሳና ወደ ቤት ገብቶ፣ "ሞታለች መሰለኝ" አለ።

ፉሚኤ ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃ ታጥብ ነበር። እጇ ቆመ።

"እርግጠኛ ነህ፣ አባቷ?" አለችው። ቺሳቶ ሳፖሮ ገብታ ከቀረች ዘመን ሆኗታል፣ እነሱ ግን አሁንም "አባቷ" "እናቷ" ነው የሚባባሉት።

"አልነሳም አለች፤ ለሰውዬው እደውላለሁ።"

"ኤይኪቺ ሳን ሳያያት?" አለች ዞር ብላ። ፊቷ አመድ መስሏል። "ሐኪም ሳያይ ሬሳ ይወጣል እንዴ? እሳቸውን ጥራ።"

ሾጂ ሚስቱ ለመኪናዋ ይህን ያህል ስታስብ አይቶ አያውቅም። ግራ እየገባው ደወለ።

ኦኖደራ ኤይኪቺ፣ ሰፈሩ በአክብሮት ኤይኪቺ ሳን የሚላቸው፣ የዱሮ መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸውን ከዘጉ ቆይተዋል፤ አሁን በላስቲክ ቤት ውስጥ አስፓራጉስ የተባለ አትክልት ያለማሉ፣ ምላሳቸው ግን ያው የጋራዡ ምላስ ነው። በትንሿ የጭነት መኪናቸው መጥተው፣ አንድ እቅፍ አስፓራጉስ ለፉሚኤ አስታቅፈው፣ ሰላምታ ሳይጨርሱ አፍንጫቸውን ወደ ጋራዡ ቀሰሩ።

"እዚህ ቤት ቤንዚን ነው እንዴ የምትቀቅሉት?"

"ጠዋት ትንሽ ሞክሬያት ነበር" አለ ሾጂ።

"ትንሽ! ባትሪውን ገድለህ ትንሽ ትላለህ።" ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው ወደ ብርሃኑ ያዙአቸው። አራቱም ከወንዝ የወጡ ይመስል ነበር። "በል ይኸውልህ። ካቡታ። ሞተሩ ተከናንቧል።"

በእነሱ አነጋገር ኮፍያም፣ ከሰማይ የወረደ በረዶም፣ የሌላ ሰው ጥፋትም ራስ ላይ የሚደረበው በዚሁ አንድ ቃል ነው። ቤንዚን ያነቀው ሞተርም እንዲሁ ይባላል።

"በእኔ የጠዋቱ ሙከራ?"

"ያንተማ በላይ የተጨመረ ነው። በጤናዋ ብትሆን በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳልህ ነበር። ይህችን ክረምት ላይ አንድ ሰው አስነስቶ ሳትሞቅ አጥፍቷታል። ቤንዚኑ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ዘይት አጥቦ ወስዶታል። ዘይት ከሌለ እመቃ የለም፣ እመቃ ከሌለ ደግሞ እስከ ማታ ብታሽከረክራት አትነሳም።" ዝቅ ብለው ከኋላ በኩል አዩ። "ደግሞስ የግራው የኋላ ጎማ ከጣውላው ላይ አንድ ስንዝር የወረደው በእግሩ ሄዶ ነው?"

ሾጂ አየ። እውነትም ወርዷል። ጠዋት ከዚያው ጎማ አጠገብ ቆሞ ብርድ ልብሱን ሲገፍ አላየውም። ዘንድሮ ብዙ ነገር ነው እያየ የማያየው።

"ማንም አልነካትም" አለ።

"አይጥ ቁልፍ አያዞርም፣ ሾቻን" አሉ ስሙን አቆላምጠው። " በል እነዚህን ካንዴላዎች ወደ ኩሽና ውሰድና እሳት ላይ ይድረቁ። እኔ ሆዷን ላስተንፍስላት።"

ሾጂ አራቱን ካንዴላ በጨርቅ ይዞ ገባ። ፉሚኤ ምንም ሳትጠይቅ፣ ማክሬል ዓሣ የምትጠብስበትን የሽቦ ወንፊት ምድጃው ላይ አስቀምጣ ካንዴላዎቹን ደረደረችበት። ሰማያዊ ነበልባል ብው አለና ቤንዚኑ ተቃጥሎ አለቀ።

"ምን አሉ?" አለችው በእንጨት መቆንጠጫ እያገላበጠች።

"ተከናንቧል አሉ። አንድ ሰው በብርድ አስነስቶ ወዲያው አጥፍቷታል ነው የሚሉት።"

ፉሚኤ አንዱን ካንዴላ ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። ከዚያ ሦስተኛ። የደረቀውን ካንዴላ ነበር የምታገላብጠው።

"ድና ትነሳለች ወይ?"

"እንጃ።"

እንደገና ወደ ምድጃው አጎነበሰች። ሾጂም የአንገቷን ኋላ እያየ ቆሞ፣ ሳይፈልግ፣ የካቲት ትዝ አለው። ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ጊዜ እሱ ቤቱን አላያትም፤ ጠራጊው መኪና ውስጥ እየበላ፣ እዚያው እያንቀላፋ ነው የከረመው። ሲመለስ የጋራዡ ጣሪያ ተጠርጎ፣ ከኋላ የጎበጠው ማገር በእንጨት ተደግፎ አገኘ። "ማን ጠረገው?" ሲላት "እንጃ፣ አላየሁም" አለች። እሱም ጎረቤታቸው ቶዶሮኪ ነው ብሎ አንድ ጠርሙስ ሳኬ ይዞ ሄዶ፣ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነስቶ አመሰገነው። ቶዶሮኪም ለምን እንደሚመሰገን ሳያውቅ፣ አላውቅም ማለቱ ነውር ስለመሰለው፣ እሱም ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነስቶ ጠርሙሱን ተቀበለ። በማግስቱ ደግሞ ባዶ እጁን መቅረት ከብዶት ሙሉ ባልዲ በጨው የተቀመመ የራዲሽ ሥር ይዞ መጣ። ያን ራዲሽ ፉሚኤ አንገቷን ደፍታ እስከ መጋቢት በላችው።

ሾጂ ሁሉም ነገር ገባው። አልጠየቃትም። በሩ ላይ ተደግፎ ጫማውን አደረገና ቀስ ብሎ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

ሽማግሌው የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅለው፣ ከራሳቸው መኪና ባትሪ ገመድ ስበው፣ ሞተሩን በባዶው እያሽከረከሩ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚኑ እየተረጨ ግድግዳውን ያርሳል።

"እሺ፣ ተገኘ ወይ?" አሉ ቀና ብለው። "ማነው ወንጀለኛው?"

"እኔ ነኝ" አለ ሾጂ።

"ምን?"

"የካቲት ላይ። ድምፅዋን ልስማ ብዬ አስነሳኋትና ከመሥሪያ ቤት ሲደውሉልኝ አጥፍቼ ሄድኩ። ረስቼው ነው።"

ኤይኪቺ ሳን ቁልፋቸውን አስቀመጡ። "ረስቼው! አንተ ልጅ፣ ጎማዋን እንኳ ሳልነካ ስለዚህ ሞተር ሰብከህ ሰብከህ ጆሮዬን አደንቁረኸኛል እኮ። የሰፈሩን ድመት ሳይቀር 'ሳትሞቅ አታጥፏት' ስትል አልነበር? ምን ቆርጦህ ነው? እርጅና ነው ወይስ ንቀት? ጋራዤን ስዘጋ አንድ ሰው እንኳ አስተምሬያለሁ ብዬ ነበር የዘጋሁት።"

"ይቅርታ።"

"እኔን ምን ይቅርታ ትለኛለህ፣ እሷን በላት።"

ሾጂ ጎንበስ ብሎ ስድቡን ጠጣ። ድካሙ ከብዶት ነበርና ስድቡ እንደ ሞቀ ውሃ ነው የወረደበት፤ ቢያንስ ስለ ጉልበቱ ማንም አልጠየቀውም። ቀና ሲል ፉሚኤ ሽርጧን እንዳደረገች፣ የሽቦ ወንፊቱን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ማን ያውቃል።

"እሱ አይደለም" አለች። "እኔ ነኝ።"

"እናቷ፣ ተይው" አለ ሾጂ።

"አልተውም። ክረምቱን በሙሉ ሆዴ ውስጥ ቀብሬው ነው የከረምኩት፣ አሁን ደግሞ አንተ ልትሰደብልኝ?" ወንፊቱን ከተከፈተው ኮፈን ሥር አስቀመጠችው። "ኤይኪቺ ሳን፣ ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ጊዜ ነው። ማገሩ ሲንቋቋ ከኩሽና ሰማሁት። ገብቼ ባይ ልክ ከጭራዋ በላይ ጎብጧል። ሰው እንዳልጠራ ሁሉም የየራሱ ጣሪያ ላይ ነው። አስነስቼ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ነዳኋትና አጠፋሁ። ከዚያ ወጥቼ ጠረግሁ።"

"ጣሪያው ላይ ወጣሽ?" አለ ሾጂ።

"መሰላል አለን አይደል? ስወርድ ወደ ቦታዋ ልመልሳት ብል አልነሳም አለችኝ። ወለሉ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ገፋኋት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ዓይንህን መግለጥ አቅቶህ እየገባህ፣ 'እኔም እኮ ጣሪያ ጠረግሁ' ብዬ ምስጋና ልለምን? ደግሞ ካልተነሳች ትሄዳለች ብለህ ነበር። አለመነሳቷን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።" ዓይኗን ወደ ወንፊቱ መለሰች። "የገደልኩብህ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የከረምኩት። ያንን ራዲሽ ስበላ አንቆኝ ነበር።"

ኤይኪቺ ሳን አንዴ ባልን አንዴ ሚስትን አዩ። "እናንተ ቤት ሞተሩም ሰዉም ተከናንቧል እንዴ? ጥፋቱን ማን እንደሚለብሰው ማታ ትጨርሳላችሁ። አሁን አምጪ እነዚያን ካንዴላዎች፣ አስፓራጉሴ ፀሐይ እየመታው ነው።" አንዱን አሸተቱና ሳቁ። "የማክሬል ካንዴላ ሳስር የመጀመሪያዬ ነው።"

በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ ዘይት አንጠባጠቡ፣ ካንዴላዎቹን አሰሩ፣ ፊውዙን መለሱ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው ለፋ። አንዴ ኩፍ አለ። ተወ። እንደገና ኩፍ፣ ኩፍ፣ ከዚያም ጋራዡ በሙሉ ነጭ ጭስ ለበሰና መሃሉ ላይ ያ ሾጂ የሚያውቀው ማጉረምረም ጀመረ። ሦስቱም እየሳሉ ወደ ውጭ ሸሹ። ፉሚኤ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ በጭሱ ይሁን በሌላ አልተጠየቀችም።

"በል ግባ" አሉ ሽማግሌው ገመዱን ነቅለው፣ ኮፈኑን ዘግተው፣ ለሾጂ። "ከአሁን በኋላ መቆም የለም። ግድቡ ድረስ ንዳት፣ የሙቀቱ መርፌ መሃል ሳይደርስ ብታጠፋት ግን እኔን አትጥራኝ።"

ሾጂ ገባ። ጭሱ ሳስቷል፣ መሪው ሥር ሥሩን ይንቀጠቀጣል። ግራ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፈና ረገጠ። ግማሽ ድረስ ሄደ። ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተንሸራተተና እግሩ መራድ ያዘ። ማርሽ አስገብቶ ቢለቀው ሞተሩ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ ተመልሶ ይከናነባል። እግሩን ቀስ አድርጎ አነሳ። ሽማግሌውም ሚስቱም ያዩታል። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለም፣ ደክሞታል።

"አልቻልኩም" አለ። "ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። ካልተነሳች ያልኩት ለዚያ ነው። እንዳትነሳ ነበር የምፈልገው።"

ኤይኪቺ ሳን ወደ ጉልበቱ ተመለከቱ። ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት።

"አውቃለሁ" አለች ፉሚኤ።

"ምኑን?"

"ደረጃ ስትወርድ እንደ ሸርጣን በጎንህ ነው የምትወርደው። ከመከር ጀምሮ።" በሩን ከፈተችለት። "ውጣ በል፣ ነዳጅ እየበላች ነው።"

"አንቺ ልትነጂ? በሁለት ሜትር ልምድ?" አሉ ኤይኪቺ ሳን።

"መንጃ ፈቃዴን የወሰድኩት ሁሉም መኪና ፍሪሲዮን በነበረበት ጊዜ ነው። ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሩን ሳይ ነው ያረጀሁት።"

ሾጂ ወጥቶ መኪናዋን በፊት በኩል ዞረና በሌላው በር ገባ። በዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። ወንበሩ የፉሚኤን ጀርባ የለመደ ነው፣ በመሃሉ ጎድጎድ ብሏል። እሷ ሽርጧን ሳትፈታ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ ማርሹን አስገባች። መኪናዋ አንዴ ዘለለች፣ ሁለተኛ ዘለለች፣ ከዚያ ተስተካከለችና ከጋራዡ ወጣች። ቶዶሮኪ አጥሩ ላይ ሆኖ አያቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሳ።

"ሦስተኛ" አለ ሾጂ።

"አውቄዋለሁ።"

ሾጂ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። መንገዱ ዳርና ዳር ክረምቱን ሁሉ እሱ ራሱ የገፋው በረዶ ጠቁሮ፣ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ከዚህ ወንበር ሲያዩት ብዙ ነው፣ ይህን ሁሉ ብቻዬን ነው የገፋሁት ወይ ብሎ ገረመው። እግሩን ዘረጋ። የሚረግጠው ነገር የለም። ሙቀቱ ከታች ሽቅብ እየመጣ ጉልበቱን ያዘለት፣ ዓይኑም ተከደነ።

አንዴ ሲነቃ ግድቡን አልፈዋል። የሙቀቱ መርፌ መሃል ከደረሰ ቆይቷል፣ አሁን ቢያጠፏትም ምንም አትሆንም። ፉሚኤ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አራተኛ አስገብታ፣ ወደ ፊት ብቻ ታያለች። መመለሻውን አልፈሽዋል ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ተመልሶ ተኛ።